ስለ ጓያና ስለ ሰበራቸው ሰዎች፦ ለክልላችን የግብርናና የጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል የግብርናና የጤና ዘርፍ ኃላፊዎች፣
በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ለምትሠሩ የግብርና ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣
ጓያ ለሚዘራና ለሚበላ ወገናችን ሁሉ፤

ጉዳዩ፦ ጓያ በሚያመጣው የእግር ሽባነት ላይ ከመስከረም በፊት መሠራት ስላለበት ሥራ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ነው። ባለፈው ሰኔ የእህታችን ልጅ ከባሕር ዳር ሲመጣ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ይመልከቱልኝ፤ ለአያ ትሆን ይሆን?» አለኝ። ያሳየኝ ጽሑፍ በእስያ አገሮች የሚታኘክ ቤቴል ነት የተባለ ፍሬ ውስጥ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር ከእግር ሽባነት ጋር አያይዞ የሚያወራ ነበር፤ ልጁ ግን ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ልቡ ውስጥ የቀረው «መድኃኒት» የሚለው ቃል ብቻ ነው። አያ የሚለው ታላቅ ወንድሜን ነው። ወንድሜ ከ1977 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በሁለት የወይራ ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነው። ልጁ ፍሬውን ከአዲስ አበባ የሚያስመጣለት ነጋዴ እንዳገኘና ዋጋም እንደተነጋገረ ሲነግረኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው በገዛ ቤተ ሰቤ ዘንድ ያላስተማርሁት ትልቅ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ወሬው በእኛ ቤት ብቻ የቆመ ስለማይመስለኝ አስቀድሜ የፍሬውን ነገር ላንሣ። ቤቴል ነት የሚባለው አሬካ የተባለ የዘንባባ ዓይነት ፍሬ ነው። በህንድ፣ በታይዋን፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒና በሌሎችም የእስያና የፓስፊክ አገሮች ሰዎች ፍሬውን ከትፈው፣ ኖራ ጨምረው፣ በቤቴል ቅጠል ጠቅልለው ያኝኩታል፤ እኛ ዘንድ ጫት የያዘውን ቦታ እዚያ ይህ ይዞታል ማለት ይቻላል። በውስጡ ያለው ዋናው አልካሎይድ፣ ማለትም በዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ኃይለኛ ንጥረ ነገር፣ አሬኮሊን ይባላል። አሬኮሊን በሰውነታችን ከነርቭ ወደ ጡንቻና ወደ ዕጢ መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር መስሎ የሚገባ ነገር ነው፤ ስለዚህም ምራቅ ያበዛል፣ ላብ ያስወጣል፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያፈጥናል፣ የልብ ምትን ያዘገያል። ከዚሁ ጠባዩ የተነሣ ውሾችን ከኮሶ ትል ለማጽዳት ለረጅም ዘመን አገልግሏል፤ ትሉን አሽመድምዶ አንጀቱ ጠርጎ እንዲያስወጣው ያደርጋል፣ አባቶቻችን ኮሶ ጠጥተው ያደርጉት እንደነበረው ማለት ነው። የሽባ እግር ያስነሣል የተባለለት ነገር በታወቀው ሥራው ትል የሚያሽመደምድ መሆኑን ለልጁ ስነግረው እሱም ሳይወድ ሣቀ።

ምርምሩን አላቃልልም። አሬኮሊን የማስታወስ ችሎታቸውን ላጡ የአልዛይመር ሕሙማን ይጠቅም እንደሆነ ተሞክሯል፤ የእሱን ቅርጽ መነሻ አድርጎ የተሠራው ዛኖሜሊን የተባለ መድኃኒትም ትሮስፒየም ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ስኪዞፍሬንያ ለተባለው የአእምሮ ሕመም እንዲሰጥ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። መድኃኒቱ ከተሠራበት ጊዜ እስከዚያ ፈቃድ ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል። ፍሬውን እንዳለ ማኘክ ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ትንባሆ ሳይቀላቀልበትም እንኳ የአሬካ ፍሬ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ እ.ኤ.አ. በ2004 መድቦታል፤ ችግሩ ጎልቶ የሚታየውም በአፍ ውስጥ ነው። እግሩ የማይታዘዘውን ሰው አፉንም ልናሳጣው አይገባም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የወንድሜን እግር የያዘው ነገር አሴቲልኮሊን በሚሠራበት በር አልገባም። የወንድሜን እግር የሰበረው ጓያ ነው።

ጓያ በፍሬው ውስጥ ኦዳፕ በሚል አጭር ስም የሚጠራ፣ የህንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወጡት፣ ከፕሮቲን መሥሪያዎች ጋር የሚዛመድ አንድ አሚኖ አሲድ አለው። ይህ ነገር በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ግሉታሜት የተባለውን መልእክተኛ ይመስላል፤ የነርቭ ሴሎችን ከመጠን በላይ እየጎተጎተ ያደክማቸዋል፣ በመጨረሻም ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ረጃጅም ነርቮች ይገድላል። የሞተው ነርቭ አይመለስም። በሽተኛው አእምሮው ሙሉ ነው፤ ቢቆነጥጡት ይሰማዋል፤ እጁ ይሠራል፤ እግሩ ግን እንደ ሰለለ እግር ልል ሳይሆን እንደ ጅማት የተወጠረ ነው። ጉልበቱና ጉልበቱ ይፋተጋል፣ ሲራመድ አንዱ እግር ሌላውን ይጠልፋል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። የወንድሜን በረባሶ አንሥቶ ያየ ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ በሽታውን ሊያውቀው ይችላል፤ የጫማው ጫፍ ከጣቱ በታች ተበልቶ ሲቀደድ፣ ተረከዙ በኩል ያለው የጎማው ጥርስ ከገበያ እንደ መጣ ሳይነካ ይቀመጣል። በዓመት ሦስት ጊዜ ጫማ እንገዛለን፤ ሦስቱንም የምንጥላቸው ግማሽ አካላቸው አዲስ ሆኖ ነው።

እንዴት እንደ ሆነ ልናገር። ቤታችን ከብቸና ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው አቅጣጫ ነው። በ1977 ዓ.ም. ጤፉ ሳይይዝ ቀረ። ዋልካው ላይ፣ ክረምቱ ከወጣ በኋላ በቀረው እርጥበት ላይ ብዙም ሳይታረስ የተበተነው ጓያ ግን በቀለ፤ ጓያ እንዲህ ነው፣ ሌላው እህል ሁሉ የከዳውን ገበሬ የማይከዳ እህል ነው። ከጥር እስከ ሰኔ በቤታችን ጠዋት የጓያ ቆሎ፣ ቀን የጓያ ንፍሮ፣ ማታ የጓያ ቂጣ ነበር። በሐምሌ ወንድሜ ዝናብ እየወረደበት ሲያርስ ውሎ ገብቶ ተኛ፤ ሲነጋ ሊነሣ ቢል እግሩ አልታዘዝ አለው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ያን ዓመት ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ነበርሁ፤ ምግቤም ዳቦና ሻይ፣ አልፎ አልፎም እንጀራ ነበር። ዛሬ እኔ ቀጥ ብዬ የምሄደውና እሱ የማይሄደው በዚች ልዩነት ብቻ መሆኑን ባሰብሁ ቁጥር ምግቤ አፌ ውስጥ ይከብደኛል።

ወደ አንድ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ ወሰዱት። የትኛው እንደ ሆነ መናገሩ ዛሬ ጥቅም የለውም። ቁርጥማት ነው ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተሰጠው። ከዚያ ጠበል ገባ። ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አካል ጉዳተኞችን ሊቆጥር የመጣ ወጣት በቅጹ ላይ «ፖሊዮ» ብሎ ጽፎት ሄደ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ አላረምሁትም፣ ምክንያቱም ያን ጊዜ እኔም ትክክለኛውን ነገር በልበ ሙሉነት አላውቅም ነበር። እነሆ በመንግሥት መዝገብ ላይ ጓያ አንድ ሰው ያነሰ ጥፋት አለው። እንዲህ እየተጻፉ ስንት እግሮች ወደ ቁርጥማትና ወደ ፖሊዮ እንደ ሄዱ እናንተ ከእኔ በተሻለ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

እናታችን ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች፤ ጥፋቴ የምትለው ግን ጓያ ማብላቷን አልነበረም። ንፍሮው ሲንተከተክ ከምድጃው አጠገብ ስላስቀመጠችው «እንፋሎቱ መታው» ነበር የምትለው። በአገራችን ብዙ ሰው የጓያ እንፋሎት፣ የጓያ ገለባ ላይ መተኛት፣ ጓያ ማሳ ውስጥ መመላለስ እግር ይሰብራል ብሎ ያምናል። ከዚህ እምነት የተነሣ ሰዎቻችን ድስቱ ሲከደን ፊታቸውን ይመልሳሉ፣ ገለባውን ከመኝታ ያርቃሉ፣ ከዚያም ተረጋግተው ቁጭ ብለው ጓያውን ይበላሉ። ይህን የምጽፈው ለመሳቅ አይደለም። ሕዝቡ በሽታው ከጓያ እንደሚመጣ ያለ ቤተ ሙከራ ደርሶበታል፤ የቀረው የመጨረሻዋ እርምጃ፣ በእንፋሎት ሳይሆን በአፍ እንደሚገባ ማወቁ ነው፤ ያችን እርምጃ ሊያራምደው የሚገባ የጤና ትምህርት ደግሞ እኔ በማውቃቸው ቀበሌዎች ተሰጥቶ አላየሁም።

ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ደግሞ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ዕውቀቱ የተገኘው እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ በእኛው ሰዎች ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ እንደ ሆነ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅን ተከትሎ በወሎ ደላንታ ዳውንት 2000 ያህል ሰው በጓያ በተሰበረ ጊዜ ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ተባባሪዎቻቸው ወረርሽኙን መርምረው፣ ጓያ በየትኛው አበላል እንደሚጎዳና በየትኛው እንደማይጎዳ በሽተኛና ጤነኛ ሰዎችን እያነጻጸሩ ለይተዋል። ያገኙትም ይህ ነው፦ ተቆልቶ እንደ ቆሎ፣ ተቀቅሎ እንደ ንፍሮ፣ ወይም በጥሬ እሸትነቱ የተበላ ጓያ አደጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ከጤፍ፣ ከማሽላና ከመሳሰሉት እህሎች ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን የመሰሉ ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር ሲበላም አደጋው ይቀንሳል። እህሎቹ አደጋውን የሚቀንሱት በጓያ ውስጥ የሚያንሱት፣ ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ስላሏቸው ነው።

እንግዲህ የቤታችንን የ1977 ማዕድ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ከእርሻ መልስ ደግሞ የእሸቱ ጊዜ እሸት። አደገኛዎቹ ሁሉ የድኻና የችኮላ ምግቦች ናቸው፤ ብዙ ማገዶ፣ ብዙ ውሃ፣ ብዙ ቅመም የማይፈልጉ ናቸው። መርዙ፣ ኦዳፕ፣ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ጓያን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት አብዛኛውን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ምንጩ በደረቀበት፣ ሴቶች ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን በሚሄዱበት ዓመት ውሃውን ድፉ ብሎ መምከር ለመካሪው እንጂ ለተመካሪዋ አይቀልም። የጎልማሳ ወንዶች መጎዳት ከሴቶች ማየሉም በየጥናቱ የተመዘገበ ነው፤ የወንድሜ ታሪክም፣ ከከባድ ሥራ በኋላ በአንድ ሌሊት መሰበሩ፣ ሐኪሞቹ ደጋግመው የጻፉት ነው።

«ጓያ ነቃይ የወደፊቱን አያይ» ይላል ያገራችን ሰው። ጎንበስ ብሎ የሚነቅለውን እንጂ ፊቱን የማያይ ሰው ለመንቀፍ የተነገረ ነው። ተረቱን የተናገረው ሰው ጓያ ነቅሎ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጓያ የሚነቅል ሰው የወደፊቱን የማያየው ዛሬ የሚበላው ሌላ ነገር ስለሌለው ነው፤ የወደፊቱን ሊያዩ የተሾሙ ሌሎች አሉ፤ ይህ ደብዳቤም የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ጓያ ይከልከል የሚል ጥያቄ የለኝም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን ከልክላ ነበር፤ ገበሬው ግን መዝራቱን አልተወም፣ በኋላም ክልከላው የተነሣባቸው ግዛቶች አሉ። ጓያ ድርቅንም የውሃ መተኛትንም የሚችል፣ አፈሩን በናይትሮጅን የሚያለማ፣ ገለባው ለበሬ የሚሆን፣ ፍሬው ሩቡ ያህል ፕሮቲን የሆነ እህል ነው። ሽሮው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጣፋጭ ነው። በጥጋብ ዓመት ከጤፍ እንጀራ ጋር የሚበላ የጓያ ሽሮ ማንንም አልሰበረም። ጓያ የሚሰብረው የምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ ለወራት፣ ሦስትና አራት ወር፣ ሳይቋረጥ ሲበላ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእህሉ ብቻ ሳይሆን የዓመቱና የወሩም ጉዳይ ነው፤ ከእናንተ የምለምነውም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው የእህል እርዳታ የሚደርስበት ወር ነው። ዝናብ ያነሰበት ዓመት ልምዱ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ጥናት ይጠናል፣ ሪፖርት ይላካል፣ ስንዴው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይመጣል። ለጓያ አገር ሐምሌ የረፈደ ነው። ጤፉ እንደከሸፈና ጓያው ብቻ እንደ ያዘ በኅዳርና በታኅሣሥ በዓይን ይታያል፤ ጓያው ተወቅቶ ጎታ የሚገባው በጥርና በየካቲት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠሩት ሦስትና አራት ወራት ናቸው እግርን የሚወስዱት። ለአንድ ቤተ ሰብ በየካቲት የደረሰ አንድ ኩንታል ስንዴ ወይም በቆሎ ከጓያው ጋር እየተቀላቀለ ተፈጭቶ እስከ ሰኔ ሊያደርስ ይችላል፤ ያው ኩንታል በነሐሴ ቢመጣ ሆድ ይሞላ ይሆናል እንጂ ነርቭ አይመልስም። የእርዳታ እህል በጊዜው ቢደርስ በሽታውን ሊቀንስ እንደሚችል ከላይ ያነሣኋቸው የደላንታ ተመራማሪዎችም በጽሑፋቸው አሳስበዋል። ስለዚህ የወረዳ የግብርና ባለሙያ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሪፖርቱን ሲሞላ «ጓያ ብቻ የያዘባቸው ቀበሌዎች» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመርለት፣ በዚያ መስመር የተጻፈ ቀበሌም በእርዳታው ተራ ወደ ፊት እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው።

የዘሩ ነገር ደግሞ አለ። መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዝርያ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቋል። እኔ በጠየቅኋቸው የብቸናና የደጀን ገበያዎች ዘር ሻጮች ስሙን የሰማ አላገኘሁም፤ አንዱ እንዲያውም የሰው ስም መስሎት «የማን ልጅ ነው?» አለኝ። ዘሩን ማባዛትና ማከፋፈል የሚጠበቅባችሁ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር እንዲታሰብበት እለምናለሁ። የኦዳፕ መጠን በዝርያው ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ድርቅና የአፈሩ ሁኔታ፣ በተለይም የዚንክ ማነስ፣ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሌላ አገር ዝቅ ብሎ የተለካው መርዝ በእኛ ዋልካ ላይ፣ በእኛ ድርቅ ዓመት ስንት እንደሚሆን የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሳሰሉ በክልሉ ያሉ ተቋማት ቢለኩት መልካም ነው። ሌላው፣ ንብ የጓያ አበባ ትቀስማለች፤ ጎጃም ደግሞ የማር አገር ነው። አዲሱ ዘር ከአሮጌው አጠገብ ከተዘራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊዳቀልና ጠባዩን ሊያጣ ስለሚችል፣ ለአንድ ገበሬ ሁለት ኪሎ እየቆነጠሩ ከማደል አንድን ጎጥ በሙሉ በአንድ ጊዜ ማስዘራት ይሻላል።

የጤናውን በአጭሩ እላለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እግሩ የተወጠረ፣ ስሜቱና አእምሮው ደኅና የሆነ ወጣት ስታገኝ «ባለፉት ወራት ምን ስትበላ ከረምህ?» ብላ የምትጠይቅበት አንድ ጥያቄ በቅጿ ላይ ይኑር። ለተሰበሩትም ፈውስ ባይኖር ማቅለያ አለ። ቶልፔሪዞን የተባለ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት በጓያ በሽተኞች ላይ በአገራችን ተሞክሮ ውጥረቱን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ1997 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ወንድሜ ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ ስለዚህ መድኃኒት የነገረው አንድም ሰው የለም፤ ከአገሩ መድኃኒት በፊት የደረሰው የእስያው ፍሬ ወሬ ነው።

ልጁ ከነጋዴው ጋር የጀመረውን ነገር ትቷል። ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ ለወንድሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁለት። ስለ ፍሬው ያለውን ሲሰማ ዝም አለ፤ ስለ እናታችን ያለው ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በመጨረሻ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዛሬ ወሩ ስንት ገባ?» አለኝ። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ መሆኑን ነገርሁት። «እንግዲያው ዛሬውኑ ላከው፤ ጓያ የሚዘሩት መስከረም ነው» አለኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሳይንስ መምህር
ደብረ ማርቆስ